በዓመት አምስት ልደት

እኔ በዓመት አምስት ጊዜ የምወለድ ልጅ ነበርኩ። ወንድሜ ፈይሳ የሚወለደው አራት ጊዜ ነው። አምስተኛዋን ያገኘሽው በጩኸትሽ ነው ይለኝ ነበር፤ ሐሰት አልተናገረም።

በደርግ ጊዜ፣ በሰባዎቹ መጀመሪያ፣ ናዝሬት ውስጥ የእኛ የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት ታሽጎ ሰዉ በየቤቱ ተደብቆ መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። መሰብሰብ ደግሞ ያሳስራል። ስለዚህ አባቴ አቶ መርጋ፣ እናቴ ዘርፉና ሌሎች ሰባት ስምንት ሰዎች ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲገናኙ ጠረጴዛው ላይ ዳቦ ይቀመጣል፣ ሻማ ይለኮሳል። መዝሙሩ ወደ ውጭ ካመለጠ «የልጅ ልደት ነው» ይባላል። የሰፈራችን ሰው ልደት የሚሉትን የፈረንጅ ነገር ስለማያውቀው፣ በየስንት ጊዜው እንደሚመጣ የሚጠይቅ አልነበረም።

ዳቦው አያሳስብም፤ አባቴ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ደራ ተወልዶ በልጅነቱ ናዝሬት የገባ፣ ፊደል የቆጠረው ጎልማሳ ሆኖ በመሠረተ ትምህርት የሆነ፣ ከእኛ ጋር ደብተር ዘርግቶ የሚያጠና ሰው ነው። ሌሊቱን ምድጃ ፊት አድሮ ማለዳ በጋሪ ይመጣል። ዛሬ ባጃጅ የሚርመሰመስበት መንገድ ያኔ የጋሪ ነበርና የፈረሱን ኮቴ ስንሰማ እኔና ፈይሳ ተሽቀዳድመን እንወጣለን። ቅንድቡ ላይ ዱቄት ቀርቶበት ሳቅ ሲል ያረጀ ይመስለኝ ነበር። ሳያርጅ ነው የሞተው፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ልደቱን የፈጠሩት ትልልቆቹ ሲሆኑ ሐሳቡን ያመጡት እትዬ አየለች የሚባሉ ነርስ ናቸው። «ልጆቹን ‹ልደቴ ነው› በሉ ብለን እናስጠናቸው» አሉ። አባቴ እምቢ አለ።

«ልጄን ውሸት አላስጠናም። ልደት ካልን ልደት ይሁን» አላቸው።

ከዚያም የራሱን ሥርዓት አወጣ። ባለተራው ልጅ የለስላሳ ሳጥን ላይ ይቆማል። ከጸሎቱም ከዳቦውም በፊት እያንዳንዱ ትልቅ ሰው ልጁ ላይ በዓይኑ ያየውን አንድ መልካም ነገር ይናገራል። «ቆንጆ ነሽ» አይቆጠርም፤ አባቴ «እሱ የእግዜር ሥራ ነው፣ የእሷን ተናገሩ» ይላል። አንድ ቅዳሜ እትዬ አየለች «ሐሙስ ዕለት ቧንቧ ላይ ተራሽን ለአንዲት አሮጊት ስትለቂ አየሁሽ» አሉኝ። እናቴ ደግሞ በዚያው ቀን «ፈይሳን መትተሽ ሸሸሽ፤ ማንም ሳያስገድድሽ ግን ተመልሰሽ ይቅርታ ጠየቅሽው» አለች። ከሳጥኑ ስወርድ እንኳ ቁመቴ የሚቀንስ አይመስለኝም ነበር።

ጎረቤት መቼም አፉ አያርፍም። አባቴ ልጆቹን እንደ ሰው ቁጭ አድርጎ ሲያዋራ እያዩ «አሞላቀቃቸው» አሉ፤ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብለውም ተረቱበት። «እኔ አይደለሁ የማቦካው?» ብሎ ይስቃል። ዳቦ በሰልፍ፣ ስኳር በቀበሌ፣ ወሬ በሹክሹክታ የነበረበትን ዘመን መናፈቅ እንደማያምርብኝ አውቃለሁ። ግን ይናፍቀኛል። ለልጆቼ በዓመት አንድ ጊዜ ትልቅ ኬክ ገዝቻለሁ፣ ፎቶም አንስቻቸዋለሁ፤ ሳጥን ላይ አቁሜ ያየሁባቸውን መልካም ነገር የነገርኳቸው ግን ስንት ጊዜ እንደሆነ ባትጠይቁኝ ይሻላል።

በዚህ ሁሉ መሐል ትልልቆቹ አንድ ነገር ረስተው ነበር። እውነተኛ ዕድሜያችንን የነገረን ሰው አልነበረም።

አንደኛ ክፍል የገባሁት እንደ ማንኛውም የዘመኔ ልጅ እጄን በአናቴ ላይ አሳልፌ ጆሮዬን ነክቼ ነው። መምህራችን በየተራ ስማችንንና ዕድሜያችንን ስትጠይቅ እኔ ጋ ደረሰች። «ሎሚ መርጋ፣ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ከዴስኩ በላይ የሚታየው አናቴ ብቻ ነበር። እኔ መቼ በዋዛ እለቃለሁ? ልደቶቼን በጣቴ እየቆጠርኩ፣ ጣት ሲያልቅብኝ አጠገቤ የተቀመጠውን ልጅ ጣት ተውሼ፣ አሥራ ሦስት መሙላቴን አስረዳኋት። መምህሯ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ አስቋት ለጓደኞቿ አወራችው። ወሬው ግን እግር አውጥቶ ቀበሌ ገባ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ተራው የእኔ ነበር። ሳጥኑ ላይ ቆሜ ሳለሁ በሩ ተከፈተና የቀበሌያችን የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ጓድ ራህመቶ ከአንድ ጠባቂ ጋር ገባ። ሻማውን አየ፣ ዳቦውን አየ፣ ሰዎቹን አንድ በአንድ አየ።

«የማን ልደት ነው?»

ሁሉም መሬት መሬት አዩ። አባቴ ብቻ ቀና ብሎ «ባለልደቷን ይጠይቋት» አለ።

«የእኔ ነው፤ ዘንድሮ አራተኛዬ ነው» አልኩ።

«ሰው በዓመት ስንት ጊዜ ነው የሚወለደው?»

«እኔ አምስት፣ ፈይሳ አራት።»

«ተሰብስባችሁ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ያዩብኝን ደግ ነገር ይነግሩኛል፣ ከዚያ እንጸልያለን፣ ከዚያ እንበላለን። እርስዎም መናገር ይችላሉ፤ ግን ያዩትን ብቻ ነው።»

ጓድ ራህመቶ «ደፋር መሆንሽን አየሁ» አለኝና ወደ አባቴ ዞሮ «ጫማዎን ያድርጉ» አለው።

ስለ ተመሰገንኩ ደስ ብሎኝ ነበር። እናቴን ዞር ብዬ እስካያት ድረስ።

አባቴ «ቤቱም ጥሪውም የእኔ ነው» ብሎ ጣጣውን በራሱ ላይ ጠቀለለው፤ ሌሎቹን ስማቸውን መዝግበው ለቀቋቸው። እሱ በቀበሌው እስር ቤት ሰባ ቀን ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን እትዬ አየለች ደጃችን ላይ ቆመው እናቴን ሲያጽናኑ «ምን ይደረግ፣ ልጅቷ አሳሰረችው» ሲሉ ከበሩ ጀርባ ሆኜ ሰማሁ። በክፋት አልነበረም፤ ፈርተው ነው። ለእኔ ግን ፍርድ ሆነብኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «አላውቅም» ከሚለው በቀር ቃል ከአፌ ጠፋ። መምህሯ ብትጠይቀኝ አላውቅም። ራበሽ ወይ ብባል አላውቅም። እናቴ ስንቅ ይዛ ስትሄድ እንድከተላት ለመነችኝ፤ አልሄድኩም። ያሳሰርኩትን ሰው በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ማታ ማታ ጭንቅላቴን እያሻሸች «ሎሚዬ፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም» ትለኛለች፤ ግን እያለቀሰች ነው የምትለኝ። ልጅ ደግሞ ከቃል ይልቅ እንባውን ያምናል። አባቴ ከእስር ቤት ሆኖ በየቀኑ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ እንደነበር ኋላ ነገረችኝ። ሎሚ ተናገረች ወይ እያለ ነበር።

የተፈታው በአንድ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ ገባ። ቤቱ ወዲያው «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» በሚል ሰው ሞላ፤ እትዬ አየለችም መጡ። እኔ አልጋው ሥር ገባሁ። እትዬ አየለች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከእንግዲህስ ልጆቹ ሰው ሲመጣ ዝም እንዲሉ እናስተምራቸው፣ መርጋ» ሲሉ ሰማሁ።

አባቴ አልጋው አጠገብ መጥቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠና «ሎሚ፣ ኢንተላ ኮ» አለ፤ ልጄ ማለቱ ነው፣ ሲያቆላምጠኝ በኦሮምኛ ነው። እየተሳብኩ ወጣሁ። ቀና ብዬ አላየሁትም።

«ሁላችሁም ስሙኝ» አለ ለሰዉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «የታሰርኩት በእኔ ጥፋት ነው። ትልቅ ሰው የሚሸከመውን ነገር አንቺ ላይ ጫንኩብሽ። ዕድሜሽን እንኳ በትክክል አልነገርኩሽም፤ ሰባት ዓመትሽ ነው። የጠየቁሽን እውነቱን መለስሽ፤ ዋሽተሽ ብታድኚኝ ኖሮ አሁን የምሸማቀቀው እኔ ነበርኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ» አለኝ።

አባት በሰው ፊት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ ያየ በዚያ ቤት ማንም አልነበረም። እኔ ግን ሰባ ቀን የታፈነው ሁሉ ገነፈለብኝ። ደረቱን በሁለት እጄ እየደበደብኩ ጮህኩበት። ለምን ቆየህ? ለምን ጥለኸኝ ሄድክ? እማዬ በየቀኑ ስታለቅስ የት ነበርክ? እትዬ አየለች አሳሰረችው ብለውኛል፤ ፈይሳም በመንገድ እጄን አልያዘኝም፤ አንተም ስናገር አላረምከኝም፤ እንደሚያሳስር ሁላችሁም ታውቁ ነበር፤ ሁላችሁም።

እትዬ አየለች ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። እናቴ በሰዉ አፍራ አፌን ልትይዝ እጇን ዘረጋች። አባቴ ዓይኑን ከእኔ ሳያነሳ እጇን ቀስ አድርጎ መለሰው።

«ተያት» አላት፤ «ገና አልጨረሰችም።»