የሟቹ ልብስ ሰፊ ወንበር

አክስቴ በሰው አገር ስንት ዘመን የሰው ቤት ጠርጋ፣ የሰው ልጅ አሳድጋ፣ በመጨረሻ ለራሷ ብላ የገዛችው አንዲት ጠባብ የልብስ ስፌት ሱቅ ነው። የሸጠችላት የሟቹ ልብስ ሰፊ ሚስት ናት። ቁልፉን ስታስረክባት በመስኮቱ ሥር ያለውን ባለ መደገፊያ ወንበር ዳበስ አድርጋ፣ «እሱም ከሱቁ ጋር ነው» አለቻት።

«ተባረኪ፤ ወገቤን አሰብሽልኝ» ብላ አክስቴ ወዲያው ተቀመጠችበት።

ፀሐይ በመስታወቱ ገብታ ጭኗ ላይ ብትተኛም ጀርባዋ አልሞቅ አለ። የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ታንጎራጉራለች፦

የሰው አገር ፀሐይ ብትወጣም አትደላ፣
ፊት ታበራለች እንጂ አታሞቅም ገላ።

ሰው አልመጣም። ይመጣስ ይመጣል፤ እስከ በሩ። ሱሪውን ጠቅልሎ በብብቱ የያዘው፣ ቀሚሷን በክንዷ ያንጠለጠለችው፣ እጀታውን ጨብጠው በመስታወቱ ወደ ውስጥ ያያሉ። ከዚያ ፊታቸው ልውጥ ይልና ይሄዳሉ። ደንበኛ ካልገባ ሱቁ ይዘጋል፤ ሱቁ ከተዘጋ ተመልሳ የሰው ቤት መጥረጊያ ልትጨብጥ ነው።

ደፍሮ የሚገባ ቢኖር ነፋስ ነው። ጥላ ወለሉን ሲይዝ የበሩ ደወል ይንቃጨላል፤ በሩ ቀስ ብሎ ይከፈታል፤ ማንም የለም፤ ቀስ ብሎ ይዘጋል።

ይህን ለእናቴ በስልክ ስትነግራት፣ «እታለም፣ በሩ ካንቺ የበለጠ እየሠራ ነዋ!» ብላ ሳቀችባት።

«ሳቂ፣ ሳቂ። አንቺ ምን አለብሽ!»

«ፊትሽን አኮሳትረሽ ይሆናል። ሰው ሲያልፍ ፈገግ በይ እንጂ።»

ፈገግ አለች። ጭራሽ እየሮጡ አለፉ።

አንድ ቀን አጎንብሳ መርፌ ላይ ክር ስታስገባ ደወሉ ተንቃጨለ። የደከመ የሽማግሌ እግር የሰማች መሰላት። እኛ ቤት ታላቅ ሲገባ የተቀመጠ ይነሣል፤ አክስቴ ይህን ከጡት ጋር ነው የጠባችው። ሳታስበው «ኖር!» ብላ ብድግ አለች።

ቀና ስትል ማንም የለም። ታላቅ አክብረው ከተነሡ በኋላ መልሶ መቀመጥ ግን ነውር ሆነባት። የክር ሣጥኑን ገልብጣ እሱ ላይ ተቀመጠች። ከኋላዋ ወንበሩ ሲጥ አለ፣ ቆሞ የዋለ ሰው ዐረፍ እንዳለበት። ጀርባዋም ሞቀ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ አዛውንት ደንበኛ ኮትና ሱሪ ይዘው ገቡ። መጀመሪያ ለወንበሩ፣ ቀጥሎ ለእሷ እጅ ነሡ።

«እንዲህ ይሻላል» አሉ።

«ምኑ አባቴ?»

«መነሣትሽ። አንቺ እሱ ጭን ላይ ተቀምጠሽ እያየን እንዴት ደፍረን እንግባ? ያሳፍራል እኮ ልጄ!»

አክስቴን ሮጦ መውጣት አማራት። ከበሩ ውጪ የሚጠብቃት ግን ያው መጥረጊያ ነው። ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች።

«ይቁሙልኝ፤ ልክዎን ልያዝ።»

የሜትሩን አንድ ጫፍ ወገባቸው ላይ ያዘች። ሌላውን ልትይዝ ወደ ቁርጭምጭሚታቸው ጎንበስ ስትል፣ ሜትሩ ቀድሟት ተወጥሯል። ሥራውን ያወቀ እጅ እንደሚይዘው፣ ሳይጠብቅ ሳይላላ። አዛውንቱ ወደ ታች አላዩም።

ቁጥሩን አነበበች። ደግማ አጥርታ አነበበችው። ከዚያ በራሷ ቋንቋ፣ በአንቱታ፣ የሜትሩ ጫፍ ወዳለበት ወደ ወለሉ ዝቅ ብላ፣

«ይያዙልኝ ጋሼ፤ የእግሩ የውስጥ ልክ ይቀረናል» አለች።