የውሃ አባቱ በሥዕል አዳራሽ

አቶ ጌታሰው በደብረ ኤልያስ ገጠር አሥራ ዘጠኝ ዓመት የውሃ አባት ሆነው ኖረዋል። የውሃ አባት ማለት የመስኖ ተራ የሚያካፍል፣ ሲጣሉ የሚዳኝ፣ በመጨረሻም በሁለቱም ወገን የሚሰደብ ሰው ነው። ደመወዝ የለውም። ያላቸው ሀብት ስማቸው ነው፤ "ጌታሰው በውሃ አያዳሉም" ይባልላቸዋል። ሰው ካላለላቸው ራሳቸው ይሉታል።

ልጃቸው የኔአለም ሠዓሊ ሆነች። "ይህን ሁሉ ተምራ ቀለም ቀቢ!" እያሉ ሲያፍሩባት ከረሙ። ዘንድሮ ጥር ላይ ግን ደብረ ማርቆስ ስለ ውሃ የሣለቻቸውን ሥዕሎች ለሕዝብ አቀረበችና አባቷን ጠራች። እሳቸውም ክብሬን አይቶ የሚመሰክርልኝ ይኑር ብለው ጎረቤታቸውን ዘማርያምን አስከትለው ሄዱ። ዘማርያም በውሃ ተራ ክርክር አቻ የለውም፤ ይህን አስቀድመው ማሰብ ነበረባቸው።

አዳራሹ ውስጥ መምህራንና የቢሮ ሰዎች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይዞራሉ። ጌታሰውም አጣመሩ። የመጀመሪያው ሥዕል ዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ነው።

"ይሄ ጎርፍ ነው?"

"ስሜት ነው፣ አባዬ።"

"እሱም ቦይ ካልተበጀለት ያጠፋል" አሉ። አንድ መምህር ቶሎ ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

ሦስተኛው ሥዕል ጋ ሲደርሱ ዘማርያም ቀጥ ብሎ ቆመ። የሰፈሩ ዋርካ አለ፤ ቦዩም አለ። ውሃው በጠዋት ፀሐይ እያብረቀረቀ ይወርድና፣ ወደ ዘማርያም ድንች መሄዱን ትቶ ወደ ጌታሰው ሽንኩርት ይታጠፋል።

"የኔአለም፣ ይሄን መቼ አየሽው?" አላት።

"ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ። የገበያ ቀን ነበር፤ ሰው ሁሉ ሄዶ ነበር። እንደዚያ ቀን ውሃ አምሮ አይቼ አላውቅም።"

"የገበያ ቀን ጠዋት የኔ ተራ ነው!" ዘማርያም ጮኸ። "ድንቼ የደረቀበት ዓመት! ጋሼ፣ ምን ይላሉ?"

እንግዶቹ ሁሉ ወደ ጌታሰው ዞሩ። መውጫው ቀላል ነበር፤ ከራሷ የፈጠረችው ነው ማለት ብቻ። አፋቸውንም ከፍተው ነበር። ግን ስማቸውን ሲያድኑ ልጃቸውን በእንግዶቿ ፊት ውሸታም ሊያደርጓት ነው።

"ልጄ ያየችውን ነው የሣለችው" አሉ። "ሽንኩርቱ ሊሞትብኝ ሆነና ሰረቅሁህ። አንድ ጠዋት ብቻ።"

"አንድ ጠዋት!"

"ውሃ ለሰረቀ ቅጣቱን ያወጣሁት እኔው ነኝ። ቦዩን ሦስት ቀን ብቻዬን እጠርጋለሁ።"

የኔአለም እንባዋ መጣ። ዘማርያም ግን ለእንባ ጊዜ አልነበረውም፤ ሥዕሉን ከግድግዳው ማውረድ ጀምሯል።

"ጋሽ ዘማርያም፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ውሃዬን እየወሰድሁ!"

በስንት ልመና እሑድ ኤግዚቢሽኑ ሲያልቅ እንዲወስደው ተስማሙ። እስከዚያው አላመናቸውም፤ ወንበር አስመጥቶ ሥዕሉ ሥር ተቀመጠ። ሰው በመጣ ቁጥር "ይሄ የኔ ውሃ ነው፤ የሰረቁኝም እኒህ የቆሙት ናቸው" እያለ ያስጎበኛል። ጌታሰውም ከአጠገቡ ሳይርቁ ለእያንዳንዱ እንግዳ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

"እውነቱን ነው" ይላሉ። "የሣለችውም ልጄ ናት።"