የየኔታ ቅኔና አሮጌው ኮምፒውተር

ፒያሳ ያለው ጠጋኝ አልበራ ብሎ ዓመታት የቆየውን አሮጌውን ኮምፒውተራችንን ሲያበራው የጋለ አቧራ ሸተተኝ። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ቤታችን የገባ ዕለትም እንዲሁ ሸትቶኝ ነበር።

መሪጌታው አባቴ አንድ መሥሪያ ቤት ያረጀ ዕቃ ሲሸጥ ገዝቶ በጋቢ ጠቅልሎ በባጃጅ አመጣው። የዐይነ ስውሩን መምህሩን የየኔታን ቅኔ ሊጽፍበት ነበር። ቅኔው በቃላቸው እንጂ የትም አልተጻፈም፤ እሳቸውም ከታመሙ ሰንብተዋል። እሳቸው እየነገሩት፣ እሱ በአንድ ጣቱ ፊደል እየለቀመ ሦስት ሳምንት ሠሩ።

አንድ ቀን ከሰዓት መብራቱ ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። አባቴ ደንግጦ ሊዘጋው ሲል ስክሪኑ ላይ የእንግሊዝኛ ጥያቄ ብቅ አለ።

"ምን ይላል?" አለኝ። እሱ እንግሊዝኛ አያውቅም።

እኔም የማውቀው ‹ሴቭ› የምትለውን አንዷን ቃል ብቻ ነበር። "ላድን ወይስ አላድን? ነው የሚለው።"

"ማዳንስ የእግዚአብሔር ነው" አሉ የኔታ። "ምነው እኛን ይጠይቃል?"

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። "የቱን ልንካ?"

"የመጀመሪያውን" አልኩት። እንደነካው መብራቱ ጠፋ።

አባቴ እስከ ማግስቱ እህል አልቀመሰም። መብራት መጥቶ ሲከፍተው ቅኔው አለ። አነበበላቸው። የኔታ እስኪጨርስ አዳምጠው፣ "እንግዲህ መሄድ እችላለሁ" አሉ።

ወደ አገራቸው ወደ አይከል መስሎኝ፣ "መቼ ይመለሳሉ?" አልኳቸው። ራሴን ዳበሱኝ። በሳምንቱ ቀበርናቸው።

ዛሬ የፒያሳው ጠጋኝ ቅኔውን በፍላሽ ገልብጦ ሰጠኝ። ቤት ስደርስ አባቴ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

"አለ?" አለኝ ገና ከሩቁ።

"አለ" አልኩት።