ቆሞ የቀረው ሽማግሌ

አቶ ተክለአብ ለንደን ከገቡ ጀምሮ ያልናቁት ነገር የለም። ቴምዝን ወንዝ ብለው ጠርተውት አያውቁም፤ «ያ የከተማ ቦይ» ነው የሚሉት። ከሆሎዌይ ወደ ሃይጌት የሚወስደውን ዳገት አውቶቡሱ እያቃሰተ ሲወጣ፣ ማንም ይስማ ማንም አይስማ፣ «ይቺ በእኛ አገር ስምም አይወጣላት» ይላሉ በአማርኛ። በደጉ ጊዜ ደብረ ማርቆስ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። የሚያስተምሩበት መጽሐፍ ለአንድ አገር አንድ ገጽ ይመድብ ነበር፦ አቀማመጡ፣ የአየር ጠባዩ፣ ምርቱ፣ የሕዝቡ ሁኔታ። ተማሪው ገጹን በቃሉ ከያዘ አገሩን ያወቀ ይመስለዋል፤ መምህሩም ከዚያ ገጽ የተረፈ ነገር መኖሩን አምነው አያውቁም። ለፖርቱጋል የደረሳት ግማሽ ገጽ ነበር፦ ቡሽ፣ ሰርዲንና ወይን።

እንግዲህ እናቷ ከሞተች በኋላ ብቻቸውን ያሳደጓት አንዲት ልጃቸው ሄራን ከዚያ ከግማሽ ገጽ ባል መረጠች።

ዱዋርቴ ይባላል። የሊፍት ጠጋኝ ነው። ሄራን ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው፤ «አባዬ፣ አንተ ካልመረቅከኝ አላገባም። እሱን ትቼም ሌላ አላገባም። ዛትስ ኢት» አለች። አቶ ተክለአብ ልጃቸው ካለች አለች መሆኗን ያውቃሉ፤ ከእሳቸው የወረሰችው ነው። ስለዚህ እምቢ አላሉም። ወግ ይከበር፣ ሽማግሌ ይላክ አሉ። ወጉ ደግሞ ዕድሜ ለአያቶቻችን መሸሻ አያሳጣም፤ ሽማግሌ መጀመሪያ በመጣ ቀን «ይመከርበታል» ተብሎ ነው የሚሸኘው። ሲመክሩ ክረምት ይወጣል፣ ሲመክሩ ፍቅር ይበርዳል፣ ያ ቡሽ ሻጭም ወደ መጣበት ይመለሳል ብለው ተስፋ አደረጉ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የመጣው የልጁ አባት ራሱ ነበር። ዡዋኪም፣ ጥቁር ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ እግሩ ደጋን የሆነ ሽማግሌ፣ ብቻውን፣ አንድ ጠርሙስ ወይን አንጠልጥሎ። አቶ ተክለአብ ለምስክርነት የጠሩት ወዳጃቸው ሕዝቅያስ፣ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ዳሌው ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው ስለሆነ፣ ከሶፋው ሳይነሣ ተቀበለው።

«ሦስት ሽማግሌ እንኳ ማሰባሰብ ያቃተው ሕዝብ» አሉ አቶ ተክለአብ በአማርኛ።

«ዓለምን ዞረው ጨርሰው፣ ሰው አለቀባቸው» አለ ሕዝቅያስ።

ሄራን ሰውየውን አስቀድማ አስጠንታው ነበር። በወጉ ሽማግሌ የሚቀመጠው ጉዳዩ እሺ ከተባለ በኋላ ነውና፣ «ይቀመጡ» የምትለዋን ቃል እስኪሰማ እንዳይቀመጥ ነግራዋለች። የመጀመሪያው ቀን የመልስ ቀን አለመሆኑን ግን መንገር ዘነጋች። አሁን ወጥ ቤት ተሸሽጋ በሩ ላይ ጆሮዋን ለጥፋለች።

ዡዋኪም ጥያቄውን በአጭሩ አቀረበ። አቶ ተክለአብ ፊት ለፊቱ ቆመው፣ እንግዳ ቆሞ ባለቤት አይቀመጥምና፣ ምርመራውን በእንግሊዝኛ ጀመሩ። አገርህ የት ነው? ከዶውሮ ወንዝ በላይ ፔድራ ሙዳ የምትባል መንደር ነች አለ። ስንት ሰው አላት? ድሮ ብዙ፣ ዛሬ ሽማግሌዎችና ውሾች። ትምህርት ቤትስ? ተዘግቷል። ቄሱስ? ከሌላ መንደር በመኪና ይመጣል፣ ካልዘነበ። አፈሩ ምን ዓይነት ነው? አፈር የለም፣ ገጽ በገጽ የሚሰነጠቅ ድንጋይ ነው፤ አባቶቻችን ድንጋዩን ሰብረው እርከን ሠሩ፣ በእርከኑ ወይን ተከሉ። የአየሩ ጠባይስ? ዘጠኝ ወር ክረምት፣ ሦስት ወር ሲኦል እንላለን አለና ፈገግ አለ። አቶ ተክለአብ ፈገግ አላሉም።

«ከባሕር ወለል በላይ ስንት ነው?»

«አራት መቶ ሜትር ይሆናል።»

አቶ ተክለአብ ወደ ሕዝቅያስ ዞሩ። «ቆላ ነው! ልጄን ለቆለኛ! ደግሞ ይዋሻል። ወይን የወይና ደጋ ተክል ነው፤ ስሙ ራሱ ይናገራል። በአራት መቶ ሜትር የሚበቅለው ግመል ነው።»

«ምናልባት የግመል ወይን ይሆናል» አለ ሕዝቅያስ።

ወይኑን እንዴት እንደሚጠምቁት ሲጠየቅ፣ ዡዋኪም ጥሩ ጥሩውን አሁንም በእግር እንደሚረግጡት በኩራት ተናገረ። ወንዱ ሁሉ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ትከሻ ለትከሻ ተያይዞ፣ በድንጋይ ገንዳ ውስጥ ነው። አቶ ተክለአብ እግሩን አዩት። ጠርሙሱንም አዩት። ከዚያ የሚበቃቸውን ያህል ንቀው፣ ለዚህ ቀን ያዘጋጇትን ቃል አወጡ፤ ይመከርበታል።

ዡዋኪም ራሱን ነቀነቀ። «መልካም። ተማከሩ፣ እጠብቃለሁ» አለና እዚያው ቆመ።

አቶ ተክለአብ ሌላ ቀን ና ቢሉት፣ ወጉን ለማያውቅ ሰው ከቤቴ ውጣ ማለት ነው፤ እንግዳ ማባረር ደግሞ በዘራቸው የለም። ይቀመጡ ቢሉት ልጅቷን ሰጡ ማለት ነው። ስለዚህ የሚመክሩ መስለው በመስኮት ወደ ሆሎዌይ መንገድ ማየት ያዙ። አውቶቡስ አለፈ፣ ሌላ አውቶቡስ አለፈ። ሰውየው ጠርሙሱን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ከማዛወር በቀር ንቅንቅ አላለም።

«ተክሌ፣ ሐውልት ነው እንዴ የላኩብህ?» አለ ሕዝቅያስ ተመቻችቶ።

ሊያደክሙት ታሪክ ጠየቁት። በአያቱ አባት ዘመን አንዲት ትንሽ ተባይ ሥሩን በልታ ወይኑን ሁሉ እንዳደረቀችው፣ እርከኑ ቁጥቋጦ እንደወረሰው፣ ሕዝቡ ወደ ብራዚል እንደተሰደደ ነገራቸው። የቀሩት፣ ተባይዋ የማትደፍረውን የአሜሪካ ወይን ሥር አስመጥተው የራሳቸውን ቅርንጫፍ በላዩ አዳቀሉ። እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው፤ ሥሩ የባዕድ፣ ፍሬው የእኛ አለ።

«ምሳሌው ገብቶኛል» አሉ አቶ ተክለአብ። «አልወደድኩትም። ቀሳውስታችሁንም ድሮ ከአገራችን ያስወጣናቸው በምሳሌ ብዛት ነው።»

ዡዋኪም አልተቀየመም። እሱስ ምሳሌ አልተናገረም፣ የእርሻ ነገር ነው የነገራቸው። ግን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው መደገፍ ጀምሯል። አቶ ተክለአብም እንደዚያው፤ መስኮት የሚያዩ መስለው ነው የሸሸጉት። ለንደን ሲደርሱ መምህርነታቸውን የሚፈልግ ስላልተገኘ፣ የሱቅ ዘበኛ ሆነው በር ላይ ቆመው ነው ጡረታ የወጡት። በቁም ነገር ማንም አያሸንፈኝም ይሉ ነበር። አሁን መስኮቱ ከዓይናቸው ፊት ዘመም አለ። ግድግዳውን ለመደገፍ እጃቸውን ሰደዱ፣ ሳተ፤ ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ።

ሕዝቅያስ እንኳ አልቀለደም። ባለቤት ተቀምጦ፣ በዕድሜ እኩያው የሆነ እንግዳ እንደ ለማኝ ፊቱ ቆሟል። አቶ ተክለአብ የናቁት ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለ ነውር ግን በቤታቸው ተደርጎ አያውቅም። ሊነሡ ሞከሩ፣ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ዡዋኪም ጠርሙሱን በብብቱ ሸጉጦ ሊደግፋቸው ሁለት እጁን ዘረጋ፤ እሱ ራሱ ይወዛወዛል።

«ይቀመጡ» አሉ አቶ ተክለአብ፣ በአማርኛ፣ ወለሉን እያዩ።

የሚያውቃት ቃል ያቺው ብቻ ነች። ተቀመጠ፣ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ አንድ ሰሐን ወደቀ።

«ለሠርጉ ግን ይኼን የእግር እጣቢ እንዳታመጡ» አሉ አቶ ተክለአብ ድምፃቸውን አጥርተው፣ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሰው። «እኛ የማር ጠጅ እንጥላለን።»

ዡዋኪም ጉልበቱን እያሸ ቀና አለ። «ማሩ ከስንት ሜትር ነው?»

«ሁለት ሺህ አራት መቶ!» አሉ፣ ሳያስቡት።

ዡዋኪም የአራት መቶ ሜትሩን ጠርሙስ ከጠረጴዛው ላይ ሳይሆን ከሥሩ አስቀመጠው።