የካሣነሽ ፊልም፣ ጠላቶቹና ወዳጆቹ

ካሣነሽ የማዳበሪያ ጆንያ በጆንያ ላይ ደርባ ትሰፋለች። የቪዲዮ ቤቷ መስኮት ብርሃን እያስገባ ቴሌቪዥኑን ስለሚያደበዝዘው መጋረጃ መሥራቷ ነው። መርፌው ሲወጋት ጣቷን መጠጥ ታደርግና ትቀጥላለች። ባሏ ሲሞት የተረፋት ይህ ቤት፣ አንድ በሬና ቁራጭ መሬት ነው። እኔ የአርብ ገበያ ጎረቤቷ ነኝ።

«ሳልሞት ብሉልኝ» የሚባለውን ፊልም ለከተማችን ያመጣችው እሷ ናት። በእርጅናዬ ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ መጀመሪያ ያነበብኩት የፊልም ርዕስም እሱ ነው። ልጅ ያልወለደ ገበሬ «ስሞት ተዝካሬን ማን ያወጣልኛል?» ይልና በቁሙ ተዝካሩን ያወጣል። ሁለት በሬዎቹን አርዶ ደብሩን በሙሉ ያበላል። ሰው ይመርቀዋል፣ አዝማሪ ያወድሰዋል። ከዚያ ሰውዬው አይሞትም። በሬ የለው፣ እርሻ የለው፣ ሃያ ዓመት ይኖራል። የበሉለት ሰዎች ደጅ ቆሞ ሲለምን «አንተ ሞተህ የለም እንዴ?» ይሉታል።

ፊልሙን አጥብቀው የሚጠሉት የደብራችን ቄስ አባ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው። በተዝካር ይቀልዳል ይላሉ፤ አይተውት ግን አያውቁም። አጥብቀው የሚወዱት ደግሞ ከሩቅ ቀበሌ ለገበያ የሚመጡ ገበሬዎች ናቸው። እነሱም ያዩት ግማሹን ነው። ድግሱ ሲያበቃ ፀሐይ ታዘቀዝቃለች፤ አህያቸውን ጭነው ሳይመሽ መግባት አለባቸው። ሃያውን ዓመት የሚያዩበት ጊዜ የላቸውም። ለእነሱ ሰውዬው እንደተመረቀ ቀረ።

ባዩ ከነዚህ አንዱ ነው። ሚስቱ ሞታበታለች፣ ልጅ የለውም። እሱና ካሣነሽ መቀናጆ ናቸው፤ የእሱ አንድ በሬ ከእሷ አንድ በሬ ጋር ተጠምዶ የሁለቱንም መሬት ያርሳል። ባለፈው ሚያዝያ መጣና፣

«እትዬ ካሣነሽ፣ በግንቦት ተዝካሬን ላወጣ ነው። ቡሬን አርዳለሁ» አላት።

«ቡሬን? የእኔ በሬ ከማን ጋር ሊጠመድ ነው፤ ከአንተ ጋር?»

«ፊልሙን ያሳዩኝ እርስዎ አይደሉም?»

«ያሳየሁህማ እንዳታደርገው ነው!»

«ታዲያ ሰውዬውን ሁሉም መረቀው እንጂ ማን ሰደበው?»

ካሣነሽ ያን ጊዜ ጉዱ ገባት። በሚቀጥለው አርብ ፊልሙን ከመጨረሻው ልትጀምር ወሰነች። አባንም ልትጠራ ሄደች።

«አባ፣ ያላዩትን እንዴት ያወግዛሉ?»

«ሰይጣንንስ አይቼው ነው የማወግዘው?»

«ሰይጣን በስምንት ሰዓት ቪዲዮ ቤት አይገኝልዎትም። ይሄ ይገኛል።»

ሳቃቸው አመለጣቸውና መጡ። ባዩም መጣ። ሰውዬው ከየደጁ ባዶውን ሲመለስ አየን። በፊልሙ ያለው ቄስም በር ሲዘጋበት አባ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ይሄ የየት አገር ቄስ ነው? ከእኛ ደብር ድኻ ባዶውን ተመልሶ አያውቅም!»

«አባ፣ ፊልሙ በቤተ ክርስቲያን አይስቅም፤ በተዝካርም አይስቅም። የሚስቀው በበላነው በእኛ ነው» አለች ካሣነሽ።

እኔ መሬት መሬት አየሁ። በዕድሜዬ ሦስት የቁም ተዝካር በልቻለሁ። ደጋሾቹ በማግሥቱ ምን በሉ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

«ሳላየው በአንድ ነገር ነበር የምጠላው፤ አሁን ሁለት ሆነ» አሉ አባ።

ሁላችንም ወደ ባዩ ዞርን።

«ገባኝ» አለ። ካሣነሽ አማተበች። «ሰውዬው ያጠፋው ሁለቱን ማረዱ ነው። እኔ የማርደው አንድ ነው።»

«ያለህስ ስንት ነው?» አለው አንዱ ከኋላ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ባዩ ግን አልሳቀም።

«ተዝካርህን እኔ አወጣልሃለሁ፤ በሬውን ተው» አለችው ካሣነሽ።

«እትዬ፣ በስድስት ዓመት ይበልጡኛል። ማን ማንን ይቀብራል?»

ለዚህ መልስ ፊልሙም የለውም።

ቡሬ በግንቦት አጋማሽ ታረደ። አባ መረቁ። ካሣነሽ ወጥ ስትጨልፍ ዋለች እንጂ አልቀመሰችም። እኔ፣ አልዋሽም፣ በላሁ።

አሁን አባ «በሬውን ያሳረደው ፊልሙ ነው» እያሉ ያወግዙታል። ባዩም «ያሳረደልኝ ፊልሙ ነው» እያለ ያመሰግነዋል። ካሣነሽ ለሁለቱም «ፊልም ቢላ የለውም» ትላለች፤ አርብ አርብ አሁንም ታሳያለች፣ እንደ ወጉ ከመጀመሪያው። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ሰው ድግሱን አይቶ ቢሄድ ጥፋቱ የሠሪው አይደለም።

ክረምቱ ደርሷል፤ መሬቷ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልታረሰም። በሬዋ ብቻውን ቆሞ ይውላል። እባካችሁ፣ በታች ጋይንትም ሆነ ከማዶ በስማዳ፣ አንድ በሬ ይዞ መቀናጆ የሚፈልግ ገበሬ የምታውቁ ካላችሁ ወደ ካሣነሽ ላኩልኝ። ልጆች ያሉት ቢሆን ይመረጣል።