የካውያው ደወል

በልብስ ስፌት ቤቱ በየምሽቱ ለመዝጋት ሲቃረቡ አንድ ስልክ ይጮሃል። «ካውያ!» ትላለች ባለቤቷ። የልብስ ቁልፍ የምትተክለው ልጅ ሮጣ ትነቅለዋለች። የባለቤቷ የእህት ልጅ ሚጣ ደግሞ ከመጋረጃው ኋላ ገባ ትልና ክኒኗን ትውጣለች። ደወሉ የተሞላው ለእሷ ነው፤ ካውያው ሰበብ ነው።

ሚጣ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ኤች አይ ቪ ከተወለደች ጀምሮ በደሟ አለ፤ እናቷ ስታርፍ አክስቷ እንደ ልጇ አሳደገቻት። ነገሩን የሰማች ሰሞን አኩርፋ ክኒኑን ትራስ ሥር ትደብቅ ነበር። አሁን ያ አልፏል። ነርሷ «ቫይረሱ በምርመራ እንኳ አይታይም፣ ጎበዝ!» ካለቻት ወዲህ ደስተኛ ናት፤ ኮሌታ መስፋት ለምዳለች፣ ጉንጯም ሞልቷል። የምትፈራው ሬዲዮን ብቻ ነበር።

ሬዲዮ ያቺው ቁልፍ ተካይዋ ናት። ወሬ አፏ ውስጥ ስለማያድር ስሙን ሰፈሩ አወጣላት። ሚጣ ደግሞ ከእሷ ሌላ ጓደኛ የላትም። ብነግራት ትሸሸኛለች፣ ባትሸሸኝም ታወራዋለች እያለች ስትሰጋ ኖራለች።

አንድ ምሽት አክስቷ ልብስ ልታደርስ ወጥታ ሳለ መብራት ጠፋ። ሁለቱ ልጆች በሻማ ብርሃን የቀሚስ ዘርፍ በመርፌ ሲለቅሙ ስልኩ ጮኸ። ሬዲዮ እንደ ልማዷ ብድግ አለችና መሃል ላይ ቆመች።

«እንዴ! መብራት የለም እኮ። የምን ካውያ ነው የምነቅለው?»

ሚጣ ውሸት ፈለገች፣ አልመጣላትም። መዋሸቱም ሰልችቷት ነበር። ሁሉንም ነገረቻት።

ሬዲዮ ተመልሳ ተቀመጠች። ከዚያ «እና እኔ ይሄን ሁሉ ጊዜ እንደ ጅል የምሮጠው ላንቺ ክኒን ነው?» አለች።

«አዎ።»

«አንቺ ጉደኛ!» ሳቋ አመለጣት። ሚጣም እያለቀሰች ሳቀች።

«ለሰው እንዳትነግሪብኝ።»

«ሬዲዮም እኮ መዝጊያ አለው።»

ሚጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአክስቷ ሌላ ሰው ፊት ክኒኗን ዋጠች።

በማግስቱ ግን የሰፈሩን ሰው ዓይን ዓይኑን ስታይ ዋለች። የተለየ ነገር የለም። ሬዲዮም ስለ ሌላ ሰው ሠርግ ስትለፈልፍ ዋለች። ሲመሽ ስልኩ ጮኸ።

ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተ። የደንበኛ ሱሪ ጭኑ ላይ ጠቁሯል።

«ምን ነካሽ አንቺ? ደወሉን አልሰማሽም?» ብላ አክስት ጮኸች።

«ሰምቻለሁ እትዬ» አለች ሬዲዮ። መጋረጃው አጠገብ ቆማለች፤ በእጇ ለሚጣ የቀዳችውን አንድ ብርጭቆ ውኃ ይዛለች።

አክስት ብርጭቆውን አየች፣ ቀጥሎ ሚጣን። ሊወጣ የነበረው ቁጣ አፏ ላይ ቀረ።

«ሱሪ ይተካል» አለችና ካውያውን ራሷ ነቀለችው።