ቡሹሎ ላይ ያሳየሁት ጥቁር ካርታ

«ልጄ፣ ይሄ የለቅሶ ልብስ ነው የሚመስለው። የኛ ሰፈር የቱ ጋ ነው?»

ዛሬ ጠዋት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለችው ቡሹሎ፣ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ የሰፈሩ ሰው ጋሽ ዳንጊሶ የጠየቁኝ ነው።

የአንድ ለአምስቱ ስብሰባ ሲያበቃ ትንሽ ሰዓት ሰጥተውኝ ነበር። የሐዋሳ ሐይቅ ወደፊት እስከየት ሊወጣ እንደሚችል በኮምፒውተር ሞዴል ሠርቻለሁ፤ እሱን ላሳያቸው ነው የሄድኩት።

ሶፍትዌሩን የምጠቀመው በዳርክ ሞድ፣ መደቡን ጥቁር አድርጌ ነው። ዓይን አያደክምም እላለሁ፤ ባለቤቴ ግን ፊልም ላይ ያለ ሀከር መምሰል ስለምወድ እንደሆነ ታውቃለች።

አዳራሹ መጋረጃ የለውም። ውሃውን የቀባሁት በጥቁር ሰማያዊ ስለነበር፣ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ሳሳየው በዚያ ሁሉ ብርሃን ከጥቁሩ መደብ አልለይ አለ።

«ቀለሙ ነው ጋሼ፣ አሁን ይስተካከላል» አልኳቸውና ወደ ነጩ ቀየርኩት።

ያኔ ውሃው ታየ። የእርሻውን ማሳ አልፎ፣ ጋሽ ዳንጊሶ ለልጃቸው ቤት የሚያሠሩበትን ቦታ ሸፍኖታል።

ስብሰባው ላይ ሲያንቀላፉ የነበሩት እንኳ ቀና ብለዋል።

ጋሽ ዳንጊሶ ቆመው ብዙ ካዩት በኋላ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ ወደ ጥቁሩ መልሰው» አሉኝ።

መለስኩት።

ለሚቀጥለው ስብሰባ እንደገና ጠርተውኛል፤ ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። እናንተስ፣ ሥራችሁን አሳይታችሁ «ደብቀው» የተባላችሁ ካላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ምን አደረጋችሁ?

እኔ ከአዳራሹ ስወጣ፣ ከሐይቁ በኩል የልጃቸው ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ በሚስማር ሲመታ ይሰማ ነበር።